የቅዱስ ፈረሰኛ ሕግና ንጽሕና

ሰይፍ የያዘ እጅ ለጸሎት ሲዘረጋ ማየት ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣ ከተማ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል እንዳሠራችው የሚነገርለትን የሞጣ ጊዮርጊስን ደጅ የሚሳለም ሰው ሁሉ ስሙን የሚጠራው ሰማዕት ማን እንደ ሆነ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ በነጭ ፈረስ የተቀመጠ፣ ጦሩን በዘንዶ ላይ የሰበቀ ወጣት ነው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ከፈረሱ አጠገብ ወይም ከዛፍ ላይ ብሩታዊት የምትባለው ብላቴና ትታያለች። ሥዕሉን የሚያይ ሕፃን ዘንዶውን ይመለከታል፤ ዐዋቂው ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ይህ ጦር የያዘ ወጣት ልጅቱን ካዳነ በኋላ ስለ ምን እንደ ምርኮ ዕቃ አልወሰዳትም? ዘንዶውን ያሸነፈው በጦር ነው፤ ራሱን ያሸነፈው በምንድን ነው?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ካልተጠበቀ ስፍራ፣ ከአንድ የጨዋታ ገበታ ዙሪያ እንደ ገና ተነሥቷል፤ ሲነሣም ብዙ ክርክር አስከትሏል። ነገሩ ስለ ስእለት፣ ስለ ውድቀትና ስለ ንስሐ የሚናገር ስለ ሆነ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሊመረምረው ይገባዋል።

ከአሜሪካ ወጥቶ በብዙ አገር የተሰራጨ አንድ ዓይነት ጨዋታ አለ። ጥቂት ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የአንድ ልብ ወለድ ሰው ስም፣ ጠባይና ሙያ ይይዛሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ጠቢብ፣ አንዱ ካህን እሆናለሁ ይላል። ከመካከላቸው አንዱ ዳኛ ሆኖ አገሩን፣ መንገዱንና አደጋውን በቃል ይተርካል፤ የነገሩ ፍጻሜ ያጠራጠረ እንደ ሆነም ቁጥር የተቀረጸበት የዕጣ ጠጠር ይጣላል። በልጅነቱ ማታ ከእሳት ዳር እንቆቅልሽ ሲባባል ያደገ፣ መልሱ ሲጠፋውም በቃል ብቻ አገር የሰጠ ሰው የዚህ ጨዋታ መሠረት አይርቀውም። በዚህ ዓይነት ስሙ የገነነው መጽሐፍ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓመተ ምሕረት ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው፤ ትርጓሜውም የምድር ውስጥ እስር ቤቶችና ዘንዶዎች ማለት ነው። በማግሥቱ ዓመት በ1975 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ «ፓላዲን» የሚባል ቅዱስ ፈረሰኛ ተጨመረበት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይህ ፈረሰኛ ምን ሊሠራ ይገባዋል? ማግባት ይፈቀድለታልን? ሕጉን ያፈረሰ እንደ ሆነስ ምን ይደረጋል? የሚለው ክርክር ከገበታው ተለይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ጨዋታ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል፤ ሁለቱም የችኰላ ናቸው። አንዱ ዘንዶና ጥንቆላ የሚሉትን ቃላት ሰምቶ ሳያነብ ያወግዘዋል። ሁለተኛው ጨዋታ ነውና ምን ያስተምራል ብሎ ይንቀዋል። ዳሩ ግን ሰው በጨዋታ የለበሰው ጠባይ በልቡ አሻራውን ሳይተው አይቀርም። ስለዚህ የሚገባው ምርመራ ይህ ነው፤ ይህ የልብ ወለድ ፈረሰኛ ስለ ሕግና ስለ ንጽሕና የሚያስተምረው ነገር እውነት ነውን? እውነት ካልሆነስ ስሕተቱ ወዴት ነው?

በ1978 የታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ለዚህ ፈረሰኛ የጻፈለት ሕግ ለካህን ጆሮ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ፈረሰኛው ከገቢው ዐሥራት ያወጣል። ከዐሥር የበለጠ ተአምር ያለበት ዕቃ አይይዝም። በመጠን ለመኖር፣ ለወታደሮቹ ደመወዝ ለመክፈልና አንዲት ትንሽ ምሽግ ለማቆም ከሚበቃው በላይ ሀብት አያከማችም። ከክፉዎች ጋር ማኅበር አይገባም። ሥርዐት ያፈረሰ እንደ ሆነ ከፍ ያለ ማዕርግ ወዳለው ካህን ሄዶ ይናዘዛል፤ የታዘዘለትንም ቀኖና ይፈጽማል። እያወቀ ክፉ ሥራ የሠራ እንደ ሆነ ግን የቅዱስ ፈረሰኛነቱን ማዕርግ ለዘለዓለም ያጣል፤ ተራ ጦረኛ ሆኖ ይቀራል እንጂ መመለሻ የለውም።

የዚህ ሕግ ደራሲ አንድ ትልቅ ነገር አይቷል፤ ይኸውም ኀይል ያለ ሕግ ወንበዴነት መሆኑን ነው። ለጦረኛው ታላቅ ኀይል ሲሰጠው ዐሥራትን፣ ድኽነትንና ኑዛዜን አብሮ ማሰሩ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን በመጨረሻው አንቀጽ ከቤተ ክርስቲያን የበለጠ ጨካኝ ሆኗል። ጴጥሮስ ጌታውን ያወቀውን አላውቀውም ብሎ ሦስት ጊዜ ክዷል፤ ይህም እያወቀ የሠራው ነው። በዚህ ሕግ ጴጥሮስ ወደ መረቡ ተመልሶ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ይቀር ነበር፤ በጎቼን ጠብቅ የሚለውንም አደራ ባልተቀበለ ነበር። መውደቂያውን እንጂ መነሻውን የማያሳይ ሕግ ለሥዕል የሚሆን ቅዱስ ያበጃል፤ ለሕይወት የሚሆን ሰው ግን አያበጅም።

ከዚህም የተነሣ በገበታው ዙሪያ ሌላ ክፉ ልማድ ተፈጥሯል። ዳኛው ፈረሰኛውን ለመጣል የፈለገ እንደ ሆነ በሁለቱም በኩል ጥፋት ያለበትን መንገድ ይዘረጋለታል፤ ምርኮኛውን ቢገድል ጨካኝ፣ ቢለቅ ከዳተኛ ይባላል። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ስለ ቄሣር ግብርና በምንዝር ስለ ተያዘችው ሴት የጠየቁት ፈሪሳውያን ያደረጉት ይኸንኑ ነው። ሕግ ሰውን ለመያዣ ወጥመድ የሆነ እንደ ሆነ ጥፋቱ ከተያዘው ይልቅ በአጥማጁ ላይ ነው።

ይህ ፈረሰኛ ከባዶ አልተፈጠረም። በምዕራብ አገር፣ በመስቀል ጦርነት ዘመን፣ በ1129 በትሯ ጉባኤ ሕጋቸው የጸናላቸው የቤተ መቅደስ ፈረሰኞች የሚባሉ ማኅበረተኞች ነበሩ፤ መነኮሳትም ወታደሮችም ስለ ሆኑ ድኽነትን፣ ንጽሕናንና መታዘዝን ይሳሉ ነበር። ሕጋቸው ሴት መሳምን ሁሉ፣ እናትንና እኅትን እንኳ መሳምን ይከለክል ነበር። ማኅበራቸው በ1312 በሮማው ጳጳስ ትእዛዝ ፈረሰ። የምሥራቅ አባቶች ግን መስቀልና ሰይፍ በአንድ ቆብ ሥር ይታሰሩ ዘንድ አልወደዱም። ታላቁ ባስልዮስ በጦርነት የገደለውን ወታደር ከነፍሰ ገዳይ ጋር ባይቈጥረውም፣ እጁ ንጹሕ አይደለምና ለሦስት ዓመት ከቍርባን እንዲታቀብ መክሯል። ጦርነቱ ተገቢ ቢሆን እንኳ የፈሰሰ ደም ሰውን ወደ ጸሎት እንጂ ወደ ትምክሕት ሊያደርሰው አይገባም ማለት ነው።

የጨዋታው ፈረሰኛ ሁለተኛው አባት የአርተር ንጉሥ ተረት ነው። በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይኛ በተጻፈው የቅዱሱ ጽዋ ታሪክ ከሁሉ የሚበረታው ላንስሎት በንጉሡ ሚስት ፍቅር ስለ ተያዘ ወደ ጽዋው ምሥጢር ፈጽሞ ሳይገባ ቀርቷል፤ ድንግል የሆነው ልጁ ጋላሃድ ግን ደርሶበታል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን የአንባቢ ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ልብ ማድረግ ይገባል፤ አንባቢው ጋላሃድን ያከብራል፣ የሚያለቅሰው ግን ከላንስሎት ጋር ነው። ጋላሃድ አይሰናከልም፣ አይራብም፣ አይፈተንም ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ንጽሕናው ያሸነፈው ነገር አይታይም። ጠላት የሌለው ድል ደግሞ ለታሪክ አይበቃም።

እንግዲህ ወደ ንጽሕናው ነገር መድረስ ነው። የሚያስደንቀው፣ ከላይ የተቈጠረው የ1978 ሕግ ስለ ዐሥራትና ስለ ዕቃ ቍጥር ሲናገር ስለ ሥጋ ንጽሕና አንዲት ቃል አለመጻፉ ነው። ተጫዋቾቹ የተጣሉት በዚህ ክፍተት ነው። አንዳንዱ ቅዱስ ከተባለ እንደ መነኩሴ ይኑር ይላል፤ ሌላው መጽሐፉ ያልከለከለውን ማን ይከለክለዋል ይላል። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሞከረው ግሬግ ስታፎርድ በ1985 ያወጣው «ፔንድራጎን» የሚባለው የአርተር ዘመን ጨዋታ ነው። በዚህ መጽሐፍ የእያንዳንዱ ፈረሰኛ ጠባይ በዐሥራ ሦስት ጥንድ ተከፍሎ በቍጥር ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ጥንድ ንጽሕናና ፍትወት ነው። ሁለቱ ተደምረው ሁልጊዜ 20 ይሆናሉ፤ ንጽሕናው 16 የሆነ እንደ ሆነ ፍትወቱ 4 ነው። ፈተና ሲመጣ ሃያ ገጽ ያለው ጠጠር ይጣላል፤ ጠጠሩም ተጫዋቹ ያልወደደውን ነገር ፈረሰኛው ያደርግ ዘንድ ሊያስገድድ ይችላል። በክርስትና ምግባራት ከፍ ያለ ቍጥር ላገኘው ፈረሰኛም የሥጋ ብርታት ይጨመርለታል።

ይህ አሠራር አንድ እውነትና አንድ ሐሰት ይዟል። እውነቱ ሰው የማይወደውን የሚያደርግበት ጊዜ መኖሩ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ በብልቶቹ ውስጥ ከልቡ ሕግ ጋር የሚዋጋ ሌላ ሕግ እንዳለ ተናግሯልና። በዚህ በኩል ስታፎርድ ፈረሰኛውን ከደካማ ሥጋ ጋር ማቆሙ ከጋላሃድ ታሪክ ይልቅ ለሰው ይቀርባል። ሐሰቱ ግን ንጽሕናን ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ማድረጉ ነው። ብርታት እንዲጨመርለት ከሴት የራቀ ሰው ነጋዴ እንጂ ንጹሕ አይባልም። ደግሞም በጠጠር የወደቀ ሰው ምን ብሎ ይናዘዛል? ኀጢአቱ የርሱ ካልሆነ ንስሐውም የርሱ ሊሆን አይችልም።

ለጦረኛ ንጽሕና ሕግ የመጻፉ ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ መሠረት የሌለው አይደለም። ዳዊት ከሳኦል ሲሸሽ ወደ ካህኑ አቢሜሌክ መጥቶ እንጀራ በለመነ ጊዜ፣ ካህኑ የተቀደሰውን እንጀራ ከመስጠቱ አስቀድሞ ብላቴኖቹ ከሴቶች የተጠበቁ መሆናቸውን ጠይቋል። የኦሪትም ሕግ የሠራዊቱ ሰፈር ንጹሕ እንዲሆን ያዛል። ነገር ግን የዚህ ሕግ ፍጹም ምሳሌ የሆነው ሰው ካህንም ንጉሥም አይደለም፤ ኬጢያዊው ኦርዮ ነው። ዳዊት ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤቱ ሄዶ እንዲያርፍ ባዘዘው ጊዜ ኦርዮ በንጉሡ ደጅ ከሎሌዎቹ ጋር አደረ። ምክንያቱን ሲጠየቅም ታቦቱ በድንኳን፣ ጌታው ኢዮአብና ባልንጀሮቹ በሜዳ ሰፍረው ሳለ እርሱ ከሚስቱ ጋር ሊተኛ እንደማይችል ተናገረ። ኦርዮ ለቍጥር አልተጨነቀም፣ ዋጋም አልጠበቀም፤ ከለከሉኝ ብሎም አይደለም፣ እንዲያውም ንጉሡ ፈቅዶለታል። ንጽሕናው የባልንጀራ ፍቅር ነው፤ ሜዳ ላይ ያሉት የማያገኙትን እርሱ ብቻውን ሊቀበለው አልወደደም። ይህ የጦረኛ ንጽሕና የተጣራ ወርቅ ነው።

በዚያው ታሪክ በዘይት የተቀባው ንጉሥ በቤርሳቤህ ወደቀ፤ መጻተኛው ኬጢያዊ ቆመ። ንጹሑም የሞቱን ደብዳቤ በገዛ እጁ ይዞ ወደ ሰይፍ ተላከ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ተስፋ የሚያስቈርጥ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ናታን መጣ፣ ዳዊትም በደሌ በፊቴ ነው ብሎ ተንበረከከ። ካህናት በየዕለቱ የሚጸልዩት ኀምሳኛው መዝሙር ከዚህ ውድቀት የወጣ ነው። በ1978ቱ ሕግ ዳዊት ማዕርጉን ለዘለዓለም ባጣ፣ ያ መዝሙርም ባልተጻፈ ነበር። ከዚህ የበለጠ ሕጉን የሚያስነቅፍ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሞጣው ፈረሰኛ መመለስ ይቻላል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ገድል እንደ ሥነ ጽሑፍ ላነበበው ሰው የመጀመሪያው አስደናቂ ነገር በውስጡ የፈረሰኛ ሕግ ተዘርዝሮ አለመገኘቱ ነው። አባቱ አንስጣስዮስ ከሞተ በኋላ ያሳደገው ደግ መስፍን ሴት ልጁን ሊድርለት ደግሶ ሳለ መስፍኑ በድንገት ሞተ፤ ጊዮርጊስም ለሌላ ሥራ እንደ ተጠራ ገድሉ ይናገራል። ደራሲው ጋብቻን አልነቀፈም፣ ሙሽራይቱንም ፈታኝ አላደረጋትም፤ መንገዱ ወደ ሌላ ስፍራ መዞሩን ብቻ አሳየ። ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። ሥዕሉ በፈረስ ላይ ያሳየዋል፤ አክሊሉን የተቀበለው ግን በፈረስ ላይ ሆኖ አይደለም። ገንዘቡን ለድኾች በትኖ፣ ያለ ጋሻና ያለ ጦር በንጉሡ በዱድያኖስ ፊት ቆሞ፣ ሰባት ዓመት መከራ ተቀብሎ ነው። ዘንዶውን የገደለ ጦር በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ እንኳ ለራሱ አልተሰበቀም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ዱድያኖስ በመከራ ስላላሸነፈው በሽንገላ ሊያሸንፈው ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባው። ሌሊት ነው፤ ወጣቱ በንጉሥ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ንግሥቲቱ እለእስክንድርያ በዚያ አለች። ክፉ ደራሲ ከዚህ ምን ያወጣ እንደ ነበር የሚታወቅ ነው። የገድሉ ደራሲ ግን ወጣቱን መዝሙረ ዳዊት እንዲጸልይ አደረገው፤ ንግሥቲቱም ቃሉን ሰምታ ትርጓሜውን ጠየቀችው፣ ነገራት፣ አመነች፣ በኋላም ሰማዕት ሆነች። በዚህ ታሪክ ንጽሕና ከሴት መሸሽ አይደለም። ሴቲቱን እንደ ነፍስ አይቶ ከእርስዋ ጋር ስለ እውነት መነጋገር ነው። ሕግ ቢጻፍ ከንግሥት ጋር በሌሊት አትነጋገር ይል ነበር፤ ያ ሕግ ቢጠበቅ ደግሞ ንግሥቲቱ ሳታምን በቀረች ነበር።

በዚህ ምክንያት ቅዱስ ፈረሰኛ ማግባት ይገባዋልን? የሚለው ክርክር ከመሠረቱ የተጣመመ ነው። ቤተ ክርስቲያን ድንግልናን ታከብራለች፤ ንጽሕናን ግን ከድንግልና ጋር አንድ አድርጋ አትቈጥርም። ቀሳውስትዋ ያገቡ ናቸው፤ በተክሊል የተባረከ መኝታ ንጹሕ ነው። ከሰማዕታትም መካከል የሮም የጦር አለቃ የነበረው አውስጣቴዎስ (ይህ ስመ ጥር ከሆነው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ የተለየ ነው) ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። በአደን ሳለ በዋላ ቀንዶች መካከል መስቀል አይቶ አመነ፤ ከዚያም ሀብቱን አጣ፣ ሚስቱን የመርከብ ባለቤት ነጠቀው፣ ልጆቹን አራዊት ወሰዱበት። በተለያዩበት ዘመን ሁሉ እርስ በርሳቸው ታምነው ቆዩ፤ በመጨረሻም ተገናኝተው በአንድነት ሰማዕት ሆኑ። ተጫዋቹ ያገባ ፈረሰኛ ቅዱስ ሊሆን አይችልም ያለ እንደ ሆነ ስንክሳሩን አላነበበም ማለት ነው።

ነገር ግን የንጽሕና ስእለት ሲከፋ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ውጭ አገር መጽሐፍ መሄድ አያስፈልግም። ከሞጣ ወደ ደቡብ፣ በቀድሞው ቢቸና አውራጃ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ የሊቃውንት መፍለቂያ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓመተ ምሕረት ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ትልቁን ክፍሉን ያቆመው በዚሁ ስፍራ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ ልጃቸው በዛብህ በሕይወት ቢኖርላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ተሳሉ፤ ልጁም የብፅዓት ልጅ ሆኖ አደገ። ተማረ፣ ቅኔ ዐወቀ፣ ድምፁ አማረ። በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር በገባ ጊዜ ግን ፍቅር ያዘው፤ ወላጆቹ በርሱ ስም የተሳሉት ስእለትም በአንገቱ ላይ እንደ ሰንሰለት ከበደው።

በዚህ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት የንጽሕና ሕግ ፊት ለፊት ቆሟል። ፊታውራሪ መሸሻ ጦረኛ ናቸው፤ የልጃቸውን ድንግልና የሚጠብቁት ግን ስለ ነፍስዋ አይደለም፣ ስለ ዘራቸው ነው። ለአጥንታቸው የሚመጥን ባል ጠፋ እያሉ ዕድሜዋን አሳለፉት፤ ንጽሕናዋ ለርሳቸው የምሽግ ግንብ ነው። ይህ ሕግ ንጽሕና የሚለውን ስም ይዞ ትዕቢትን ያገለግላል። የበዛብህ ወላጆች ግን ትዕቢተኞች አይደሉም፤ ድኾችና እግዚአብሔርን የሚፈሩ ናቸው። ስእለታቸው ከፍቅር የወጣ ነው። የደራሲው ትልቅነት የሚታየው በዚህ ነው፤ ክፉ ሕግ ሰውን እንዲያጠፋ ማሳየት ቀላል ነው፣ መልካም ስእለት በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሲጫን እንዴት እንደሚያጠፋ ማሳየት ግን ከባድ ነው። በዛብህ የሚከፍለው ያልተበደረውን ዕዳ ነው። በመጨረሻ እርሱ በስደት መንገድ ሞተ፣ ሰብለ ወንጌልም መነኰሰች። የተሳለለት ሰው ሳይሆን ማንም ያልተሳለላት ሴት በገዛ ፈቃድዋ ቆቡን መድፋትዋ የመጽሐፉ ጥልቁ ቅኔ ነው።

በዚህ ላይ ካህን የሆነ አንባቢ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። ሐና ሳሙኤልን ከመፀነስዋ በፊት ተስላ የለምን? ኢያቄምና ሐናስ እመቤታችንን ለቤተ መቅደስ ሰጥተው የለምን? እንግዲህ የወላጅ ስእለት ስለ ምን ይነቀፋል? ተቃውሞው እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ አለ። ሐና ልጅዋን ወደ ሴሎ አደረሰች፤ በሌሊት በስሙ በተጠራ ጊዜ ግን ባሪያህ ይሰማል ያለው ሳሙኤል ራሱ ነው። ደግሞም ሳሙኤል አድጎ ልጆች ወልዷል፤ የእናቱ ስእለት አልፈረሰም። እመቤታችንም ወላጆችዋ ለቤተ መቅደስ ቢሰጡዋትም፣ ለመልአኩ ቃል ይደረግልኝ ብላ የመለሰችው በገዛ አንደበትዋ ነው። የወላጅ ስእለት ደጅ ይከፍታል፤ በደጁ የሚገባው ግን ልጁ ነው። ልጁ ሳይመልስ ወላጅ ብቻውን የፈጸመው ስእለት ግን የጦረኛው የዮፍታሔ ስእለት ይሆናል፤ አባት በችኰላ ተናገረ፣ በተራራ ላይ ለድንግልናዋ ያለቀሰችው ግን ልጂቱ ናት።

አሁን ጨዋታው፣ ገድሉና ልብ ወለዱ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ ይችላሉ። የጨዋታው ፈረሰኛ ሕግ መጽሐፉ የሰጠው ነው፤ የበዛብህ ሕግ ወላጆቹ የሰጡት ነው፤ የጊዮርጊስና የኦርዮ ሕግ ግን በልባቸው የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ሲፈርስ ማዕርግ ይቀራል። የሁለተኛው ሲፈርስ ሰው ይሰበራል። የሦስተኛው ሕግ ባለቤት ግን የሚጠብቀው ነገር ከማዕርግም ከሕይወትም እንደሚበልጥበት ስላወቀ ሞት እንኳ አላፈረሰበትም።

ለጨዋታው ደራሲዎች ፍትሕ ማድረግ ይገባል፤ እነርሱም ከጊዜ በኋላ ይህን ጕድለት አይተውታል። በ2014 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ፈረሰኛው በሕግ ዝርዝር ሳይሆን ራሱ በመረጠው መሐላ እንዲታሰር አድርጓል። መሐላውን ያፈረሰ እንደ ሆነም እምነቱን ወደሚጋራ ካህን ወይም ወደ ማኅበሩ ፈረሰኛ ሄዶ እንዲናዘዝ፣ ሌሊቱን ሁሉ በጸሎት እንዲተጋ ወይም እንዲጾም፣ ከዚያም ይቅርታ አግኝቶ እንደ ገና እንዲጀምር ይፈቅድለታል፤ ቅጣቱ የሚጸናው ንስሐ በማይገባው ላይ ነው። ከ1978 እስከ 2014 ባሉት ሠላሳ ስድስት ዓመታት የጨዋታ መጽሐፍ ተንከራትቶ የደረሰበት ስፍራ የንስሐ ደጅ ነው። ይህ ደጅ በሞጣም በዲማም ከጥንት ጀምሮ ክፍት ነበር።

ስለዚህ ወጣት በገበታ ዙሪያ ቅዱስ ፈረሰኛ ሲሆን የሚያይ አባት ገበታውን ከመገልበጥ ይልቅ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቀው ይሻላል። ስእለቱን የተሳለው ማን ነው? ስእለቱ የሚወደው ማንን ነው? የወደቀ እንደ ሆነስ የሚመለስበት መንገድ አለውን? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ጨዋታ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ያስተምራል። የማይመልሳቸው ግን፣ ጨዋታም ሆነ ልብ ወለድ፣ ጌጠኛ ፈረስ እንጂ ፈረሰኛ የለውም። ወላጅም ልጁን ለደብር ሊሰጥ በተሳለ ጊዜ እነዚህኑ ጥያቄዎች ለራሱ ይጠይቅ፤ ይልቁንም የመጀመሪያውን።

በዓሉ ሲደርስ የሞጣ ሰው ማኅሌት ቆሞ፣ ታቦቱ ወጥቶ ሲገባ፣ ሕፃናቱ ዛሬም ዘንዶውን ይመለከታሉ። ዐዋቂው ግን ዓይኑን ከዘንዶው ወደ ፈረሰኛው ፊት ያንሣ፤ ያ ፊት ወደ ተመልካቹ ቀጥ ብሎ ያያል እንጂ የድል ዕቃውን አያይም።